ቀጥ ብለው ይዩኝ

«ቀጥ ብለው ይዩኝ እንጂ!» አላት ባለመነጽሩ፣ ሱቁ ውስጥ የመምህርቷን ዓይን እየለካ።

«እያየሁህ እኮ ነው!»

«ጉንጭዎን ነው የሚያሳዩኝ።»

«ታድለሃል! ለሁሉም አላሳይም።»

ሳቁ አመለጠው። ከዚያ አገጯን በሁለት ጣቱ ይዞ አንገቷን አቃናና ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ፊደላት አስነበባት።

መምህርቷ ከአልቢኒዝም ጋር ነው የተወለደችው። ፀጉሯም ቅንድቧም ነጭ ነው። ዓይኖቿ ደግሞ አንድ ቦታ አያርፉም፣ ወዲያ ወዲህ ይላሉ። አንገቷን ወደ ግራ ዘንበል ስታደርግ ግን ይረጋሉ። ይህን ማንም አላስተማራትም፣ ለማንም ነግራ አታውቅም። ሒሳብ ስታስተምር የኋላ ወንበር ረባሾች «አንገቷን ካዘነበለች አለቀልን!» ይባባላሉ።

አሁን ግን የድሮ መነጽሯ አልሆን ብሏታል። ቀዶ ጥገና የሚሠራው የዓይን ሐኪም «ቀዶ ጥገና አያስፈልግሽም፣ መነጽር ይበቃሻል» ብሎ ወደዚህ የመነጽር ሱቅ ላካት።

የመጀመሪያው መነጽር አልሆነም። ሁለተኛውም እንደዚያው። ከትምህርት ቤት ስትወጣ ጎራ ትላለች፤ ይለካታል፣ ያወራሉ፣ ይመሻል። «እርስዎ» ቀርቶ «አንቺ» ሆነ። ቀልዱን ሳይጨርስ ራሱ ይስቃል፤ እሷም ወደደችው። እውነቱን ለመናገር፣ ሦስተኛውም መነጽር ሳይሆናት ሲቀር በልቧ ደስ ብሏታል።

የዚያን ዕለት ግን ባለመነጽሩ አልቀለደም።

«ከእንግዲህ እኔ ጋ አትምጪ» አላት አቀርቅሮ። «ሌላ ሐኪም አለች... እሷ ጋ ሂጂ።»

መምህርቷ ክው አለች። ግን አላለቀሰችም።

«መልካም! ደንበኛ አታጣም» ብላው ወጣች።

ቤት ስትደርስ ታላቅ እህቷ ላይ ጮኸች። «እሱም እንደ ሌሎቹ ነው! ከእኔ ጋር ሲታይ ሰው ምን ይለኛል ብሎ ነው!»

«ዓይንሽስ?»

«ዓይኔ ምን?»

«አህያውን ፈርቶ ዳውላውን አሉ! በሱ ተናደሽ ዓይንሽን ትቀጫለሽ? ነገ ሐኪሟ ጋ ትሄጃለሽ።»

ሄደች። ይህቺ ሐኪም መነጽር ብቻውን ለማይበቃቸው ሰዎች ነው የምትሠራው። ፊደል ከማስነበቧ በፊት መጽሐፍ ሰጠቻት።

«በለመድሽው መንገድ አንብቢልኝ።»

መምህርቷ አንገቷን ዘንበል አድርጋ አነበበች።

«እሱን እንዳትተዪው!» አለች ሐኪሟ። «ዓይንሽ የሚረጋው እዚያ ላይ ነው። እስከ ዛሬ አንገትሽን አቃንቶ የለካሽ ሰው ካለ በከንቱ ደክሟል።»

«አለ! አሁኑኑ ሄጄ ልኩን ነው የምነግረው!»

ሐኪሟ ሳቀችና አንገቷን እንዳዘነበለች ለካቻት። ብርሃን የሚያበርድ መነጽር አዘዘችላት፤ ሩቅ የሚያቀርብ፣ አውራ ጣት የሚያክል መመልከቻም ሰጠቻት። «ለዓይንሽ ጤና ያንን ቀዶ ጥገና የሚሠራውን ሐኪምሽን በየጊዜው እዪው። ባለሽ ዓይን እንዴት እንደምትሠሪበት ግን እኔን ጠይቂኝ» አለቻት።

መምህርቷ እየነደደች ወደ ሱቁ ገሰገሰች። ከመንገዱ ማዶ ቆማ መመልከቻዋን ወደ ሱቁ መስታወት አነሳች።

ባለመነጽሩ ተቀምጧል። በሩ ተከፈተና አንድ ባለ ባርኔጣ ገባ። ባለመነጽሩ ብድግ አለ፣ ፊቱ በራ... ከዚያ ጠወለገ። ደግሞ ልጅ ያዘለች ሴት ገባች። አሁንም ብድግ አለ፤ አሁንም ጠወለገ።

ሰው ሁሉ የሷን ፊት ከሩቅ ሲያይ ኖሯል። እሷ ግን የማንንም ፊት ከሩቅ አጥርታ አይታ አታውቅም ነበር። ንዴቷ የት እንደገባ ሳታውቅ መንገዱን ተሻገረች።

«ማንን ነው የምትጠብቀው?»

ደነገጠ። «ማ... ማንንም!»

«ዋሾ! በሩ በተከፈተ ቁጥር አንገትህን ስታሰግግ አይቼሃለሁ።»

«ከየት ሆነሽ?»

«ከመንገዱ ማዶ።»

«ከማዶ?... ከማዶ አየሽኝ?» ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ለቅሶውን ተወውና ለምን እንዳባረርከኝ ንገረኝ!»

«ሦስት መነጽር አበላሸሁብሽ» አላት። «እንድትመጪልኝ ብዬ አራተኛም ልሠራ ነበር። በዓይንሽ እየቀለድኩ መሆኔ ሲገባኝ አፈርኩ። ያንቺ ዓይን ከእኔ ሙያ በላይ ነው።»

«ይህንን መናገር አቅቶህ ነው?»

«ብነግራት ትቀርብኛለች ብዬ ፈራሁ... ሳልነግርሽም ቀረሽ።»

መምህርቷ አንገቷን ዘንበል አድርጋ አየችው። ከዚያ ኮስተር አለች።

«በል ስማኝ። አሁን ሐኪም አግኝቻለሁ። ካንተ መነጽር አልፈልግም።»

«ይገባኛል» አለ ቅስሙ ተሰብሮ።

«ባል ግን የለኝም።»

ባለመነጽሩ አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፣ እንደገና ከፈተ።

«ኧረ መልስላት እንጂ፣ አንተ ሰውዬ!» አለች ልጅ ያዘለችው ሴት።

እጇን ያዘና «እኔ አለሁ!» ብሎ መለሰላት።