ለሰባቱ ቤቶች የተላከ ራእይ

ጳጉሜን 5 ቀን 1975 ዓ.ም. ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፣ ከእንጦጦ የወረደው ጉም ባሕር ዛፉን ሸፍኖ ውሎ ዝናቡ ጥቂት ፋታ በሰጠበት ሰዓት፤ ከአዲሱ ገበያ በስተጀርባ በምትገኝ አንዲት የጭቃ ቤት ውስጥ ስምንት ሰዎች ለቅሶ ተቀምጠው ነበር። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፤ ወንዶቹ ካርታ ይጫወታሉ፤ የቤቱ ጌታ ከወለጋ መርዶ እንደ መጣባቸው ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። የሞተ ሰው ግን አልነበረም። የጉለሌዋ ጉባኤ የጸሎት ቤቷ በመንግሥት ትእዛዝ ከታሸገ ወዲህ፣ የመጪውን ዓመት ራእይ ለመቀበል ሽማግሌዎቿን የሰበሰበችው በዚህ ዓይነት ብልሃት ነበር።

ልማዱ የቆየ ነው። ጳጉሜን ሲገባ ሽማግሌዎቹ ሦስት ቀን ይጾሙና ጌታ ለአዲሱ ዓመት ምን እንዳላቸው በየተራ ይናገራሉ፤ ከተነገረው መካከል ሁሉም በአንድ ልብ አሜን ያሉት የዓመቱ ራእይ ይሆናል። ድሮ በነጭ አቡጀዲ ተጽፎ ከመድረኩ በላይ ይሰቀል ነበር፤ አሁን ግን ወረቀት ሰው ያሳስራልና፣ አንድ ሰው በቃሉ ይዞ ምእመናኑ ወደ ተበተኑባቸው ሰባት ቤቶች እየዞረ እንዲያደርስ ተወሰነ። ራእዩን የተናገረው ሰው ስም እንዳይጠራም ታዘዘ፤ ያልሰሙትን ስም በዱላም ቢሆን ከአፋቸው ማውጣት አይቻልማ!

ከሽማግሌዎቹ አንዱ መምህር አድነው ጉልላት ነበር። ዐሥራ አንድ ዓመት በሽምግልና ሲያገለግል፣ አንድም ጊዜ የእርሱ ራእይ አሜን ተብሎለት አያውቅም። በየዓመቱ ይጾማል፤ በየዓመቱ አሳምሮ ይናገራል፤ በየዓመቱም «መልካም ነው» ይሉትና ወደሚቀጥለው ሰው ያልፋሉ። ያቺ «መልካም ነው» እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮው ላይ ከተሰነቀረች ቆይታለች። ዘንድሮ ግን ቆርጦ ነበር የመጣው፤ ጽናት፣ ጽሞናና ጽድቅ የሚሉ ሦስት ቃላት አሰናኝቶ፣ ለእያንዳንዳቸው ማብራሪያ አዘጋጅቶ፣ ተራው ሲደርስ ካርታውን አስቀምጦ ሩብ ሰዓት ያህል ተናገረ። ሲጨርስ የቤቱ ጌታና የጉባኤዋ አለቃ ጋሽ ዋቅቶላ ደቻሳ ራሳቸውን ነቀነቁ። «መልካም ነው» አሉ።

ይህን ብለው ዘወር ሲሉ ዓይናቸው ደጃፉ ላይ አረፈ። እዚያ ሸክሟን አውርዳ፣ የደከማት መስላ መንገዱን የምትጠብቅላቸው አስቻለች ተቀምጣለች፤ ከእንጦጦ እንጨት እየተሸከመች በመሸጥ ሦስት ልጆች የምታሳድግ፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ሽማግሌ አይደለችም፤ ሊጠይቋትም ባልተገባ ነበር። ጋሽ ዋቅቶላ ግን ምን እንዳሰቡ አይታወቅም፣ «አስቻለች፣ አንቺስ ጌታ ያለሽ ነገር አለ?» አሏት።

«እኔማ ምን አውቄ፣ ጋሼ» አለች ገመዷን እየጠቀለለች። «ብቻ እንጨት ሸጬ ስመለስ በእስር ቤቱ በር አልፋለሁ። ስንቅ ይዘው የሚሰለፉትን አያለሁ፤ ስንቅ የማይመጣላቸውስ ስንት ይሆኑ እላለሁ። እኛ ሰባት ቤት ነን። እያንዳንዱ ቤት ጠያቂ የሌለውን አንድ እስረኛ ቢይዝ፤ ሃይማኖትህ ምንድር ነው፣ ምን አጠፋህ ሳይል ዓመቱን ሙሉ ቢያበላው። በቃ፣ የታየኝ ይኸው ነው።»

ጋሽ ዋቅቶላ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉና አሜን አሉ፤ ሌሎቹም ተከተሉ። አድነውም አለ፤ ከሁሉ በኋላ፣ በከንፈሩ ብቻ።

ምን ይደበቃል? ቀና። አንጀቱ እስኪቃጠል ድረስ ቀና። በ1972 ዓ.ም. በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል ያስቆጠራት እርሱ ነው፤ እርሳስ አያያዝ ያሳያት እርሱ ነው፤ ዛሬም ቢሆን አንድ ገጽ ለማንበብ ግማሽ ቀን ይፈጅባታል። ከኋላ የመጣ ዓይን አወጣ ማለት ይኼ አይደለምን? ዐሥራ አንድ ዓመት ደጅ የጠና ሰው ተቀምጦ፣ ጌታ ከደጃፍ ለተቀመጠች እንጨት ለቃሚ ይናገራል? ጾሙ የእርሱ፣ ራእዩ የእርሷ! ይባስ ብሎም ቃል አይረሳም ተብሎ፣ ራእይዋን ለሰባቱ ቤቶች እንዲያደርስ እርሱው ታዘዘ።

አድነው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቤቶች የታዘዘውን ሳይጨምር ሳይቀንስ አደረሰ። በሦስተኛው ቤት እማማ አፀደ የሚባሉ አሮጊት እጁን ይዘው፣ ጌታ እንዲህ ያለውን ነገር ለአንተ ገለጠልህን ብለው አለቀሱ። ዝም አለ። ስም አይጠራም ተብሎ የለም እንዴ! በአራተኛው ቤት «ጌታ በልቤ ያስቀመጠው» ብሎ ጀመረ። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነውና፣ ሰባተኛው ቤት በደረሰ ጊዜ ራእዩ በጾሙ በሦስተኛው ቀን፣ በየትኛው ጥግ ተንበርክኮ ሳለ እንደ መጣለት ጭምር ተናገረ። ሰዎቹ በፍቅር አዩት፤ ያ አስተያየት ዐሥራ አንድ ዓመት የተራበው ነበርና ልቡ ሞቀ።

ራእዩም ያዘ። ታኅሣሥ ሳይወጣ ሰባት እስረኞች፣ ከማን እንደ ተላከላቸው የማያውቁትን ስንቅ ይበሉ ጀመር። ጥር በገባ በሳምንቱ ግን ከሰባተኛው ቤት አንድ ሰው ተይዞ፣ የቻለውን ያህል ችሎ፣ የሚያውቀውን አንድ ስም ተናገረ። እኛ አንፈርድበትም። የተናገረው ስም የአድነውን ነበር።

መርማሪው የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለጸረ አብዮተኞች ስንቅ የማቀበሉን ዕቅድ ያወጣው ማን ነው? እውነቱን ቢናገር የሚድንበት ሰዓት ነበር፤ እርሱ መልእክተኛ እንጂ ባለ ራእይ አልነበረምና።

«እኔ ነኝ» አለ።

ውስጥ እግሩን እየገረፉ ደግመው ጠየቁት። «እኔ ብቻ ነኝ» አለ።

ሌሊቱን በእስር ክፍሉ ወለል ላይ ተዘርሮ ራሱን መረመረ። ስለ ማን ብሎ ነው የቻለው? የአስቻለች ልጆች ትዝ ብለውት ነውን? አልነበረም፤ ሦስቱ ልጆች ትዝ ያሉት በማግስቱ ጠዋት ነው። ዱላው ሲወርድበት ያሰበው ራእዩ የእርሱ መሆኑን ብቻ ነበር፤ ግርፋቱን እንኳ ሊያካፍላት አልወደደም። ጀግንነት ነው እንዳይል ያውቀዋል፤ ኃጢአት ነው እንዳይል ሰው ተርፎበታል።

ሃያ ወር ታሰረ። ሚስቱ ሠርካዲስ በየሳምንቱ ስንቅ ታመጣለች፤ አስቻለችም በየጊዜው አብራት ትመጣለች። ለፋሲካ ከአጥሩ ወዲያና ወዲህ ቆመው እንዲነጋገሩ በተፈቀደ ጊዜ፣ ሠርካዲስ ከዘቡ ዘንድ ሳለች አድነው ድምፁን ዝቅ አድርጎ አስቻለችን አነጋገራት።

«አስቻለች፣ ነገሩ ያንቺ መሆኑን ለማንም አልተናገርሁም።»

«ዐውቃለሁ፣ መምህር» አለች እንባዋ እየወረደ። «ልጆቼን ለማን እጥላቸው ነበር? በጸሎቴ ሁሉ እርስዎን ነው የማስቀድም።»

ራእይዋን የራሱ ማድረጉን ሊነግራት አፉን ከፈተ፤ ግን አልቻለም። ምርቃቷ ከግርፋቱ ይልቅ አመመው፤ እንደ እርሷ ያለ ልብ ስላልተሰጠው ደግሞ እንደ ገና ቀናባት።

ዓመታት አለፉ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ወደቀ፤ ጉባኤዋም እንደ ገና በአደባባይ ዘመረች፤ ጋሽ ዋቅቶላ ይህን ሳያዩ ዐርፈው ነበር፤ በዚያች ጭቃ ቤት አብረዋቸው የነበሩት ሌሎቹ ሽማግሌዎችም ከፊሉ ሞተው፣ ከፊሉ ተሰደው ነበር። በ1986 ዓ.ም. የመከራው ዘመን ታሪክ በትንሽ መጽሐፍ ታትሞ ሲመረቅ፣ የ1976ቱ ራእይ ለመምህር አድነው ጉልላት እንደ ተገለጠ በገጽ ዐሥራ ዘጠኝ ተጽፎ ተነበበ። ሕዝቡ አጨበጨበ። አድነው በተጎዳው እግሩ እያነከሰ ወደ መድረኩ ወጣና እጁን አንሥቶ ጸጥ አሰኛቸው።

«ራእዩ የእኔ አልነበረም» አለ። «የእኅት አስቻለች ነበር። እኔ ቀንቼባት ሰረቅኋት።»

አስቻለች ከኋላ ወንበር ተነሣች። «እውነት ነው፣ ቃሉን የተናገርሁ እኔ ነኝ» አለች። «እኚህ ሰው ግን ተገርፈው ስሜን አላወጡም፤ ልጆቼን ያተረፉልኝ እርሳቸው ናቸው።» ያን ጊዜ ጭብጨባው ከፊተኛው ይልቅ በረታ፤ የመድረኩ መሪም እያለቀሰ፣ እንዲህ ያለ ትሕትና በዘመናችን አየን አለ። አድነው «ትሕትና አይደለም» ብሎ ደጋግሞ ተናገረ፤ በእልልታው መካከል የሰማው አልነበረም።

መጽሐፉ በማግስቱ ዓመት ታርሞ ታተመ። ገጽ ዐሥራ ዘጠኝ አሁን የሚለው፣ መምህር አድነው የአንዲትን እኅት ስም ላለማውጣት ሲሉ መከራ ተቀበሉ ነው። የእኅቲቱ ስም አልተጻፈም፤ «አንዲት እኅት» ማለቱ ይበቃል ተብሎ ይሆናል። ታሪክ እንዲህ ነው፤ የተገረፈውን ይመዘግባል፤ የተናገረችውን ይረሳል፤ ሰው ስለ ምን ዝም እንዳለ ግን አይጠይቅም። አድነው እስኪሞት ድረስ ያን ገጽ እየገለጠ ያነብብ ነበር፤ ቀናሁ ብሎ በአደባባይ የተናገራት ቃል ግን በመጽሐፉ ውስጥ የለችም።