ዝም ያለው ተጫራች

አባቴ አምሐ ኮልፌ ገበያ አጠገብ ሠላሳ ዓመት ልብስ ሰፍቶ ሲሞት የተወልን ስድስት የስፌት መኪና ነበር። እናቴ በላይነሽ እነሱን ሸጣ ባልትና ቤት ልትከፍት አሰበች። አጎቴ ጋሼ የኔሰው ግን ኋላ ሰው እንዳያማን በጨረታ ይሸጡ አለ። የሰው ሐሜት እናቴን አያበላም ብዬ ተከራከርኩ፤ የሰማኝ የለም።

ቅዳሜ ጠዋት አምስት ተጫራቾች ግቢያችን መጡ። ከዚያ በፊት ሻይ ቤት አንድ ጠረጴዛ ከበው ሲሳሳቁ አይቻቸዋለሁ። እኛ ጋ ሲደርሱ የማይተዋወቁ ሆኑ። ወንድይፍራው የሚባል ነባር የጨርቅ ነጋዴ ለስድስቱም የሁለቱን ዋጋ ጠራ። ጨምሩ ሲባሉ አንዱ ስልኩን ያያል፣ አንዱ ጣሪያውን። ጥግ የቆመ አንድ ወጣት ደግሞ መሬት መሬቱን ያያል። አጎቴ ሁለተኛ ብሎ ሦስተኛ ሊል ሲል ደሜ ፈላ። አይሸጥም ብዬ በሩን ከፈትኩላቸው።

አጎቴ ሦስት ቀን አኮረፈኝ። እኔም መኪናዎቹን ፎቶ አንስቼ ቴሌግራም ላይ ለቀቅኩ። ቴሌግራምም የራሱ ጣጣ አለው። ግማሹ ዕቃውን ሳያይ «መጨረሻው ስንት ነው?» ይላል፣ ግማሹ መኪናውን ትቶ ባል እንዳለኝ ይጠይቃል። ሁሉንም ብሎክ አደረግኳቸው። በአራተኛው ቀን አንድ ሰው መኪናው ወፍራም ሸራ ይሰፋ እንደሆነ ጻፈልኝ። እንደ ሰው የጠየቀኝ እሱ ብቻ ስለነበር መጥተህ እየው አልኩት።

በሩን ስከፍት ያ መሬት ሲያይ የነበረው ወጣት ነው።

«አንተ?»

«እኔ ነኝ። ማኑሄ እባላለሁ።»

«ምነው፣ ሻዩ አለቀባችሁ?»

አልሳቀም። ዓለም ባንክ ሰፈር፣ ኮንዶሚኒየም ሥር የተማሪ ቦርሳ እንደሚሰፋ፣ ሸራና ዚፕ ከወንድይፍራው እንደሚገዛ ነገረኝ። ዝም ካልክ አንዷን መኪና በርካሽ እንለቅልሃለን ብለውት ነበር፤ ዝም አለ። ይህን ሲናገር ዓይኔን አልሸሸም። ዓይኖቹ ማማራቸውን ሳልፈልግ አየሁ፤ ይህ ደግሞ የባሰ አናደደኝ።

አንዷን በሙሉ ዋጋዋ ገዛ። ሲወጣ መኪናዎቹ ሲሰፉ በቪዲዮ ማሳየት እንደሚሻል ነገረኝ፤ በማግስቱም ሊቀርጽልኝ መጣ። እኔ እሰፋለሁ፣ እሱ ስልኩን ይይዛል። መርፌውን ትቶ ፊቴን ሲቀርጽ ያዝኩት። ቀና ብዬ አየሁት፤ ስልኩን ዝቅ አደረገ። ስፌቴን ቀጠልኩ፤ መስመሩ ግን ጠመመብኝ።

በቪዲዮው ሦስቱ ተሸጡ። ማኑሄ ግን የቀሩትን ሁለቱን ዘይት ልቀባ እያለ መመላለሱን አልተወም። እኔም እሱ የሚመጣበትን ቀን እያሰብኩ ቀሚስ መምረጥ ጀመርኩ።

አንድ ቀን እንደሚወደኝ ነገረኝ። እኔም ወድጄው ነበር፤ አፌ ግን ሌላ ተናገረ።

«እናቴን ሊዘርፏት ሲሉ ዝም ብለህ ያየህ ሰው ነህ። ነገ እኔን ሲበድሉኝስ?»

ጃኬቱን አንስቶ ሄደ። ሳምንቱን ሙሉ አልቅሼ ከረምኩ፤ ግን አልደወልኩለትም።

ሁለቱ መኪናዎች ሳይሸጡ ወር ሞላቸው። ጋሼ የኔሰው ትዕግሥቱ አልቆ እንደገና ጨረታ ጠራ፤ እናቴም ደክሟት እሺ አለች። እነዚያው ሰዎች መጡ፤ ማኑሄም አብሯቸው ገባ። ሳየው ወደ እናቴ ተጠጋሁ። ወንድይፍራው ያንኑ የንቀት ዋጋውን ጠራ፣ ሌሎቹም እንደለመዱት ዝም አሉ።

«ጋሼ የኔሰው» አለ ማኑሄ። «ሻይ ቤት ተስማምተን ነው የመጣነው። እርስዎ ፊት ማንም አይጨምርም፤ ከዚህ ስንወጣ እርስ በርስ ተጫርተን ትርፉን እንካፈላለን። ባለፈውም ሊሆን የነበረው ይኸው ነው። እኔም ነበርኩበት።»

አጎቴ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። ወንድይፍራው ሲወጣ ለማኑሄ ከእንግዲህ ከእሱም ሆነ ከጓደኞቹ አንድ ዚፕ እንደማይገዛ ነገረው። እንደሚያደርገው ሁላችንም አውቀናል።

ግቢው ባዶ ሲቀር ማኑሄ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ዚፕ ከየት ልታመጣ ነው?»

«እንጃ።»

«ይቅር ያልኩህ እንዳይመስልህ። አሁንም ተናድጃለሁ።»

«አውቃለሁ።»

«ዚፑን ግን አብረን እንፈልጋለን» አልኩትና እጁን ያዝኩት።

እናቴ በአራቱ መኪና ዋጋ ባልትናዋን ከፈተች። ሁለቱ ማኑሄን ሳገባ ከእኔ ጋር ዓለም ባንክ ሄዱ። ዛሬ ሰው እንዴት ተዋወቃችሁ ሲለን የማኑሄ ዘመዶች ቴሌግራም ላይ ብለው ሊያሳጥሩት ይሞክራሉ። እኔ እምቢ እላለሁ።

«ጨረታ ላይ ነው። እናቴ ስትዘረፍ ቆሞ ሲያይ።»

ማኑሄም እንግዳው ፊት ሻዩን አስቀምጦ፣ «እውነቷን ነው፤ ዝም ብያለሁ» ይላል።