ያልላላው የደም ሥር

ፕሮፌሰሩ ከቤተ ሙከራው ጀርባ ባለችው መስኮት አልባ ክፍል፣ ግሉኮሱ ከክንዳቸው ሳይነቀል ሞቱ። ሐኪሙ «ልብ ነው» ብሎ ነበር። ባልደረቦቿ «ወስፌ» የሚሏት መርማሪ ግን ነርሷን ሚስታቸውን ከሰማች በኋላ የቤተ ሙከራውን በር አስቆለፈች።

«ግሉኮሱን ሰክቼለት ወጣሁ» አለች ሚስትየዋ። «ስመለስ ፊቱ ቲማቲም መስሏል። ‹ዞረብኝ› አለኝ። ግፊቱን ብለካው መሣሪያው ማንበብ አቃተው። እጄ ላይ አለፈ።»

ወስፌ ወደ ፕሮፌሰሩ ምክትል ዞረች። «እዚህ የምታጠኑት ምንድን ነው?»

«ልብ የምታመነጨውን ሆርሞን የሚመስል ፔፕታይድ፣ ትንሽ ፕሮቲን በለው። የተኮማተረ የኩላሊት የደም ሥር ላይ ጠብ ሲል ያላላዋል። ይኸው፣ ማይክሮስኮፑ ሥር ያለው የአይጥ የደም ሥር ነው። ዛሬ ጠዋት በእጄ ያወጣሁት፤ ገና ትኩስ ነው።»

«ሰው ላይ ቢበዛስ?»

«የደም ሥሩ ሁሉ ይላላል፣ ግፊቱ ይወርዳል…» አለና ምላሱን ነከሰ።

የቤተ ሙከራ ሠራተኛዋ በነጠላ ጫማዋ ወለሉን መታች። «የፔፕታይዱ ብልቃጥ ማቀዝቀዣው ውስጥ ሙሉ ነው፤ ማንም አልነካውም! ለምን ታፍኚናለሽ? አየሩ እኮ አለቀ!»

«እንግዲያው ከዚያው ብልቃጥ የደም ሥሩ ላይ ጠብ አድርጊበት። ከላላ ሁላችሁም ትወጣላችሁ።»

ሦስቱም ማይክሮስኮፑ የተያያዘበትን ስክሪን ከበቡ። ሁለቱ ሴቶች ትንፋሻቸውን ዋጡ። ጠብታው ሳይወርድ ምክትሉ ቀደመ፦ «አይላላም። ቆይቷል፤ ሞቷል።»

ጠብ አለ። የደም ሥሩ እንደተኮማተረ ቀረ።

«ያልተከፈተ ብልቃጥ አለ?» አለች ወስፌ። ሠራተኛዋ አመጣችና ጠብ አደረገች። የደም ሥሩ ቀስ እያለ ሰፋ።

«ሕያው ነው» አለች ወስፌ። «ስለዚህ የፊተኛው ብልቃጥ ውኃ ነው። ፔፕታይዱ ግሉኮሱ ውስጥ ገብቷል፤ ፊታቸውን ያቀላውም፣ ግፊታቸውን የጣለውም እሱ ነው። እነዚህ ሁለቱ ሊላላ ነው ብለው ጓጉተው ነበር። አንተ ግን ‹ትኩስ ነው› ያልከውን ራስህ ገደልከው። እንደማይላላ አስቀድሞ የሚያውቀው ውኃውን የሞላው ሰው ብቻ ነው።»

ምክትሉ ፊቱን ከስክሪኑ አዞረ። «ልልቀቅ ባልኩ ቁጥር ፕሮፌሰሩ በሚቀጥረኝ ሁሉ ዘንድ ስሜን ያጠፉ ነበር። ስንት ዓመት! እዚሁ ሊቀብሩኝ ነበር። መውጫ አሳጡኝ።»

ሚስትየዋ ጠጋ አለችው። «ያን መርፌ የሰካሁለት እኔ ነኝ። አንተ ልትወጣ ብለህ በእኔ እጅ ገደልከው። አሁን እኔ ከዚህ ወዴት ልውጣ?»