በንፍፊቱ በኩል የገባው መሮ

አናጺው ከሥራ ጠረጴዛው ሥር በደም ተነክሮ ተዘርሯል። መሮው የአንገቱን ቀኝ ጎን በስቶ እስከ እጀታው ገብቷል። ግድግዳ የተደገፉት ሳንቃዎች ሳይቀሩ ደም ተረጭቶባቸዋል። እናቱ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብለው «ልጄ ራሱን አይገድልም» ይላሉ፤ የሚሰማቸው ግን የለም።

የመጣችው መርማሪ ምላሷም ዓይኗም የሚቆርጥ ሴት ናት። መጀመሪያ የሟቹን ሚስት ጠየቀች።

«አንገቱ ላይ ንፍፊት ወጥቶበት ነበር» አለች ሚስቲቱ። «ቀልቶ እንደ እሳት ይፋጃል። ኮሌታ ሲነካው እንኳ ይጮሃል። ነቀርሳ ነው ብለን ፈርተን ዛሬ ጠዋት በግድ ሐኪም ቤት ላክሁት።»

«ከዚያ ወዲህ አይተሽዋል?»

«የት አይቼው!»

የአናጺውን ሥራ የሚቀባው ቀለም ቀቢ ትናንት ከሟቹ ጋር ተሰዳድቦ ነበር።

«ተጣልተናል፤ አልክድም» አለ። «ዛሬ ግን ሰው ቤት በር ስቀባ ነው የዋልኩት። ባለቤቶቹን ይጠይቁ።»

ቀጥሎ ታናሽ ወንድሙ መጣ። አናጺው ከታመመ ወዲህ ሥራውን የሚመራው እሱ ነው።

«ወንድም ጋሼ ከሐኪም ቤት ሲመለስ አገኘሁት። ነቀርሳ ነው፣ መድኃኒት የለውም አሉኝ ብሎ አለቀሰ። ብቻዬን ተወኝ ሲለኝ ወጣሁ። ምነው ባልወጣሁ!»

መርማሪዋ ተንበርክካ የሬሳውን አንገት ዳሰሰች። ከዚያ አፉን ከፍታ በባትሪ አየች። በቀኝ በኩል ደም የጠጣ ጥጥ ነክሷል። ወዲያው ሐኪም ቤቱ ደወለች። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ ይህኛው ውሸት ግን አንድ ሌሊትም አላደረ።

ሁሉንም ሳንቃዎቹ መሃል ሰበሰበቻቸው።

«ንፍፊት ሁሉ ነቀርሳ አይደለም» ብላ ጀመረች። «ድንገት አብጦ፣ ቀልቶ፣ ሲነኩት የሚያም ከሆነ ብዙውን ጊዜ መነሻው አጠገቡ ነው፤ ጉሮሮ፣ ጆሮ ወይም ጥርስ። የሱ ከበሰበሰ ጥርስ የመጣ ነው። ጥርሱን ነቀሉለት፣ ክኒን ሰጡት፣ ትድናለህ አሉት። እየሳቀ ነው የወጣው። ደግሞስ ሊሞት የቆረጠ ሰው ኮሌታ የማያስነካው ቦታ ላይ መሮ ይሰካል? ግራው ጤነኛ ነበር።»

ወደ ታናሽየው ዞረች።

«ነቀርሳ ነው ሲል የሰማኸው አንተ ብቻ ነህ። ክኒኑም ኪሱ ውስጥ የለም። ክኒኑን ደበቅህ፤ አፉን ግን አልከፈትክም።»

ታናሽየው ሳንቃ ላይ ተቀመጠ።

«ይሞታል ብለን ነበር እኮ» አለ። «የሥራ ቤቱ ቁልፍ እኔ ጋ ነበር። ደንበኛው ሁሉ ጌታው እያለ ይጠራኝ ጀምሮ ነበር። እሱ ጉንጩን በጥጥ ወጥሮ እየሳቀ ገባና እጁን ዘረጋ። ቁልፉን አምጣ፣ ከነገ ጀምሮ ወደ መላጊያህ ተመለስ አለኝ። መሮው እጄ ላይ ነበር። ሰካሁበት፤ ጮኸ፤ እኔ ግን መሮውን ገፋሁት።»

ሚስቲቱ ልትቧጭረው ስትንደረደር ቀለም ቀቢው በሁለት እጁ ያዛት። እናትየው ቀስ ብለው ተነሥተው ከታናሹ ፊት ቆሙ።

«እሱን እቀብረዋለሁ፤ ሰው መጥቶ ያጽናናኛል» አሉት። «ላንተ ግን ማን ያጽናናኝ?»