የአስራ ዘጠኝ ሰዓት ዝምታ

ተመራማሪዋ ሳታንኳኳ ገብታ የእጅ ኮምፒውተሯን የቴክኒሻኑ ጠረጴዛ ላይ ወረወረችው።

«ቅጂዎቼን ምን አደረግካቸው?»

«እንደምን አደርክ ማለት ቀረ?»

ሁለት ዓመት ሙሉ የሽማግሌ አናጢዎችን ንግግር ስትቀዳ ኖራለች፤ የመመረቂያ ጥናቷ እሱ ነው። ቴክኒሻኑ ደግሞ ባለፈው ሳምንት የተቋሙን የእጅ ኮምፒውተሮች «አዘምኖ» የድሮውን ማጫወቻ አጥፍቷል። አዲሱ የድሮውን የድምፅ ፋይል አይከፍትም። አስራ ዘጠኝ ሰዓት ንግግር ዲዳ ሆነ።

«ፋይሎቹ አሉ፤ የሚከፍታቸው ነው የጠፋው።»

«ሬሳው አለ፤ ነፍሱ ናት የሌለችው በለኛ!»

«በሌላ የፋይል ዓይነት ቅጂ ብዬሽ አልነበረም?»

«አንተ ስላልከኝ ነው ያልሰማሁት።»

አርብ በአስር ሰዓት ካላስረከበች ሁለት ዓመቷን ውሃ በላው።

መሳቢያ ውስጥ ሳይዘመን የተረሳ አንድ አሮጌ መሣሪያ ተገኘ፤ የገመድ መሰኪያው ግን ተሰብሯል። የቀረው መንገድ አሮጌው እየተናገረ፣ አዲሱ ፊት ለፊቱ ሆኖ እንዲቀዳ ማድረግ ነው። ትንፍሽ ያለ ሰው ቅጂው ውስጥ ይገባል።

እሷ እሱን አላመነችውም፤ እሱም መሣሪያውን አምኖ አልተወላትም። ከሰኞ ጀምሮ ሁለቱም ተቀመጡ። ጠቡም ወደ ወረቀት ተዛወረ።

«እግርህን አታወዛውዝ» ብላ ጻፈች።

«አንቺም እንደ ወናፍ አትተንፍሺ» ብሎ መለሰ።

ረቡዕ ዕለት አንዱ አናጢ ሚስቱ በገዛ መጋዙ እንዴት እንዳባረረችው ተረከ። ሁለቱም ከንፈራቸውን ነከሱ። ዓይን ለዓይን ተጋጩ፤ እሷ እንደ ሌባ ቀድማ ዞረች።

ሐሙስ «ምሳ በልተሻል?» ብሎ ጻፈ።

«ምን አገባህ?» አለችው በብዕሯ። ትንሽ ቆይታ ከሥሩ «አልበላሁም» ብላ ጨመረች።

አርብ የመጨረሻው ቅጂ፣ የአርባ ደቂቃው፣ ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ወረቀቱ አለቀ። እሱ ግን የሚለውን አልጨረሰም ነበር።

«ክፉ ነሽ» አለ ጮክ ብሎ። «ግን ሰኞ ካልመጣሽ እዚህ ክፍል ውስጥ ምን እንደምሠራ አላውቅም።»

«ዝም በል!» ጮኸችና አፏን ያዘች።

ለአስር ሰዓት የቀረው ሃያ ደቂቃ ብቻ ነው። መድገም አይቻልም።

«አበላሸህብኝ!» ብላ ቅጂውን እንዳለ ይዛ በሩን በላዩ ላይ ወርውራበት ወጣች።

በሳምንቱ ጥናቷን ስታቀርብ ፈታኞቹ የመጨረሻውን ቅጂ ሰሙ። ሊቀመንበሩ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይሄ ክፉ ነሽ ባይ ደግሞ ማነው? አናጢ ነው?»

ቅጂውን ሊያጫውት የመጣው ቴክኒሻን የኋላው ወንበር ላይ ሆኖ መሬት ተከፍታ እንድትውጠው ይጸልያል። ዞራ አየችው። ረጅም ጊዜ አየችው።

«አይደለም፣ ዶክተር።»

«ታዲያ ከጥናትሽ ጋር ምን አገናኘው?»

«እሱ ሌላ ጥናት ነው» አለች ዓይኗን ሳትነቅል። «ገና መጀመሬ ነው።»