ሦስት ጊዜ የሞከርኩት ዲቪዲ

እኔ በመንፈስም በሟርትም የማላምን ሰው ነኝ፣ ቃልቻ ቤት ደርሼ መጣሁ የሚለኝን ደንበኛ እስኪያፍር ነው የምስቅበት፣ ይህን ግን በዓይኔ ያየሁት ነው፣ እመኑኝ።

ያኔ አምቦ ላይ ርካሽ ዲቪዲ ማጫወቻ እሸጥ ነበር፣ ገዢው ሁሉ የሠርጉን ዲስክ ይዞ ይመጣል፣ ለምን ብትሉ፣ የተቧጨረ የሠርግ ዲስክ ካነበበ ዕቃው ሁሉን ያነባል፣ እኔም ሦስቴ ሳላጫውት አልሸጥም፣ ኩራቴ ነበር።

አንድ ከሰዓት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ ኦቦ ቶለራ የሚባሉ የካቺሲ ገበሬ ከታናሽ ወንድማቸው ከገመቹ ጋር መጡ። በመሬት ወሰን ተኳርፈው ሽማግሌ ያስታረቃቸው በዚያው ሳምንት ነው፣ ገመቹ በኩርፊያው ምክንያት የታላቁ ልጅ ስትዳር እንኳ አልተገኘም፣ እና ኦቦ ቶለራ ያመለጠውን ሠርግ ቤቱ ቁጭ ብሎ እንዲያይ ማጫወቻ ሊገዙለት ነው። ዱላቸውን ባንኮኒው ላይ አስደግፈው፣ "በል ክፈተው፣ ኦቦሌሳኮ፣ ወንድሜ ይይ!" አሉኝ፣ ደስ ብሏቸዋል።

ጭፈራው መጣ፣ ከዚያ ምስሉ ቆመ፣ ይህ የተለመደ ነው፣ ዘፈኑ ግን ጠፋና ዷ የሚል ድምፅ መጣ፣ ዱላ ሥጋ ላይ ሲያርፍ የሚሰማው። ምስሉ ሲመለስ ገመቹ ዳሱ ውስጥ ወድቋል፣ ኦቦ ቶለራ ጭንቅላቱን ይቀጠቅጡታል፣ ነጭ ሸሚዙ በደም ርሷል።

"እኔ እኮ እዚያ አልነበርኩም" አለ ገመቹ።

ዲስኩን ሌላ ማጫወቻ ላይ ከተትኩት፣ ጭፈራ ብቻ። ወደ መጀመሪያው ማጫወቻ መለስኩት፣ ያው ዱላ፣ ያው ደም።

"ይኼ በልብህ ያለው ነው! የታረቅኸኝ በአፍህ ብቻ ነው!" አለ ገመቹ ወደ ወንድሙ ዞሮ።

"ገመቹ፣ ዋቃን ፍራ፣ ፈጣሪን!"

እዚህ ላይ መተው ነበረብኝ፣ ግትርነቴ ይውደም፣ ሦስተኛ ካልሞከርኩ ብዬ ከፈትኩት። በዚህኛው ትንሽ ቀደም ብሎ ጀመረ፣ ጀርባውን የሰጠን አንድ ሰው ዱላውን ለኦቦ ቶለራ ሲያቀብል ይታያል፣ እጁ ላይ ጠባሳ አለ። እጄን አየሁ። ሽቦ ስበይድ የተቃጠልኩት የእኔው ጠባሳ ነው።

ወንድማማቾቹ አንገት ለአንገት ተናንቀዋል። ዱላውን ልደብቅ ሮጬ አነሳሁት፣ ኦቦ ቶለራ ከእጄ ነጠቁኝ። የመጀመሪያው ምት የገመቹን ጆሮ ቀደደው፣ በሁለተኛው አጥንት ሲሰበር ሰማሁ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን መቁጠር አልቻልኩም። ገመቹ ሆስፒታል ሳይደርስ አረፈ፣ እኔ ዱላውን ባልነካው ኖሮ እያልኩ እስከዛሬ እንቅልፍ የለኝም።

ማጫወቻው መደርደሪያዬ ላይ ነው፣ ዲስኩ ውስጡ አለ፣ ሃያ ደቂቃ ይቀረው ነበር፣ አልከፈትኩትም። ባለፈው ሙሽራዋ፣ የኦቦ ቶለራ ልጅ፣ ሕፃን አዝላ መጥታ "የሠርጌን ዲስክ ስጠኝ፣ አባቴ ሲስቅ የሚታየው እሱ ላይ ብቻ ነው" አለችኝ።

ጠፍቷል አልኳት።