«ይቆይ» የተባለችው ደረጃ

ማክሰኞ ከቀትር በኋላ፣ ስምንት ሰዓት ከሃያ ነበር። የሲስተም ባለሙያዋ ሰዓቱን አትረሳውም፤ የሰውየውን ፊት ላለማየት ዓይኗን ግድግዳው ሰዓት ላይ ተክላ ነው የተናገረችው።

«ደረጃዋን ሆን ብሎ የቆለፈው ሰው አለ» አለች። «ለወንበሩ የሚፈራ ሰው።»

ስም አልጠራችም። ስብሰባው ግን በአንድ አንገት ወደ መጋዘን ኃላፊው ዞረ።

ድርጅቱ ለሐኪም ቤቶች ዕቃ ያቀርባል፤ አልጋ፣ ጓንት፣ የኦክስጅን ሲሊንደር። የዕቃ ጥያቄ ሲመጣ በሲስተሙ ውስጥ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እያለፈ መጋዘን ይደርስና «ይቆይ» የምትባል ደረጃ ላይ ያርፋል። እዚያ ኃላፊው ስልክ አንስቶ «ቆይ፣ ጓንቱ ትንሹ ነው ትልቁ?» እያለ ሐኪም ቤቱን ያጣራል። «አቶ ቆይ» የሚል ስም የወጣለትም ለዚህ ነው። አሁን ግን ሐኪም ቤቶቹ መጠኑን ራሳቸው ሞልተው ስለሚልኩ ደረጃዋ ሥራ ፈታለች። ሥራ አስኪያጁ የሲስተም ባለሙያዋን ጠርቶ «አጥፊልኝ» አላት።

ልታጠፋት ሞከረች። ሲስተሙ እንቢ አለ። «ይህ ደረጃ ከሌላ ነገር ጋር ስለተያያዘ ሊሰረዝ አይችልም» ይላል፤ ከምን ጋር እንደተያያዘ ግን ትንፍሽ አይልም። ሦስት ቀን አሰሰች። አንድ የቆየ ሪፖርት አገኘች፤ ነቀለችው። አንድ የተረሳ ማሳሰቢያ አገኘች፤ እሱንም ነቀለች። አሁንም እንቢ።

ከመጋዘን ኃላፊው ጋር ሁለት ዓመት ሙሉ፣ አሥር ሰዓት ሲሆን፣ መጋዘኑ ደጃፍ በተገለበጡ ሣጥኖች ላይ ተቀምጠው ሻይ ጠጥተዋል። ሁለቱም ልባቸውን ያውቁታል፤ አፍ አውጥቶ የተናገረ ግን አልነበረም። ስለ ደረጃዋ ስትነግረው «ባትነኪያት ደስ ይለኛል» ብሎ አንገቱን ደፋ። ያቺ ቃል ከነከነቻት። ለካ ሻዩ ሁሉ ለወንበሩ ኖሯል፣ አለች በሆዷ።

በስብሰባው ላይ እሱ ከሹራቡ እጅጌ የወጣች ክር በጣቱ ሲጠቀልል ቆየ። ዓርብ ዕለት ከከተማው ጫፍ ወዳለው ትንሹ መጋዘን አዛወሩት።

ሰኞ ጠዋት ያልፈተሸችው አንድ ቦታ ብቻ ቀርቷት ነበር፤ ከዝርዝሩ የተሰወሩ ቅጾች። አንድ አገኘች። «ሙከራ» ይላል። ቅጹን የፈጠረው ማን እንደሆነ አየች። የራሷ ስም ነው።

ሥራ በጀመረች ሳምንት፣ እጇን ስታፍታታ የሠራችው ነበር። ማንም አያየውም ብላ ሰውራው ረስታዋለች። በውስጡ አንድ ጥያቄ «ይቆይ» ላይ ቆሟል፦

«የሚፈለገው ዕቃ፦ ከመጋዘኑ ባለ ሹራብ ጋር ሻይ። ብዛት፦ የዕድሜ ልክ።»

ቅጹ ቢሰወርም ጥያቄው መጋዘን ገብቷል። ከጎኑ «ታይቷል» ይላል፤ ቀኑ የማግስቱ ነው። ትዝ አላት። በማግስቱ ነበር ሁለት ብርጭቆ ይዞ መጥቶ «ቆይ፣ ሻይ ትጠጫለሽ?» ያላት። እሷ ዕድል መስሏት ነበር።

ፊቷ ነደደ። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። የቆለፈችው እሷ ነበረች።

ቤት ስትገባ ለእናቷ ነገረቻት። እናቷ የምታጥፈውን ልብስ አስቀምጣ እስከ መጨረሻው ሰማቻት።

«ልጄ፣ በአደባባይ ያዋረድሽውን ሰው በጓዳ ይቅርታ አትጠይቂውም» አለቻት።

ማክሰኞ፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው የስብሰባ ጠረጴዛ ተነሥታ «የቆለፍኩት እኔ ነኝ» ብላ ጥያቄውን ቃል በቃል አነበበችው። ድምጿ ሁለት ጊዜ ተቆረጠ። የሳቀም ነበር። ሥራ አስኪያጁ መነጽሩን አውልቆ ይጠርግ ጀመር። የገንዘብ ቤቷ ሴትዮ ብቻ «እናንተ! አፋችሁን ዝጉ!» አለች።

ከዚያ ወደ ከተማው ጫፍ ሄደች። ሲሊንደር እየደረደረ አገኘችው።

«ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ? የእሷ ነው ብትል ምን ነበረበት?»

«በሰው ፊት ላንብበው?»

ዓይኗ ከጫማው አልነሣ አላት።

«ሁለት ዓመት ያቆየኸውስ ለምንድን ነው?»

«ብመልሰው ይጠፋል። ባሳልፈው ደግሞ ቀጥሎ የሚደርሰው ገንዘብ ቤት ነው።» ፈገግ አለ። «እዚያች ሴትዮ እጅ ከሚገባስ ይቆይ አልኩ።»

«አሁንማ ሰምታለች።»

«ቆይ እንግዲያው» አለና እጁን በሹራቡ ጠርጎ ኮምፒውተሩን ከፈተ። አሳለፈው።

ሴትዮዋ በማግስቱ አጸደቀችው። ከሥሩ እንዲህ ጽፋበታለች፦ «የዕድሜ ልክ የሚባል መለኪያ የለንም። ቢሆንም ይለፍ።»

ባለሙያዋ ሙከራውን አጠፋች፤ ደረጃዋም ያለ አንድ ቃል ተሰረዘች። በዓመቱ ተጋቡ። ያቺን ማክሰኞ አንድም ቀን አላነሣባትም፤ ተቆጥቶ ቢሰድባት በቀለላት ነበር። የዕድሜ ልክ የተባለው ዘጠኝ ዓመት ከአራት ወር ሆነ።

ወደ ዋናው መጋዘን ግን አልመለሱትም፤ ቦታው ተይዟል አሉ። እስኪሞት ድረስ በየማለዳው ሁለት አውቶቡስ እየቀየረ ወደ ከተማው ጫፍ ይሄድ ነበር።